ወይኑን ብሉት፣ ማይክሮዌቩን ተዉልን

 

ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ፕሮግራም ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ሰሞኑን ጀመዓችንን ለሁለት ከፍሎታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የወይን ፍሬ በምላጭ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ግማሾች በስስ የቅርፊት ክር እንደተያያዙ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ማብሪያው በተጫነ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከመካከላቸው ደማቅ የእሳት ኳስ እያጓራ ይነሳል። ቪዲዮውን በስልኩ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን «ፍሬሾቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት» ብለው ለሹራው አቀረቡ፤ ፖስተሩም ተነድፎ አልቋል። ሹራውም ከሞላ ጎደል ተስማምቷል።

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች አልተስማማንም። በስብሰባው ላይ ምክንያታችንን ጀምረን ሳንጨርስ ዒሻ ስለደረሰ እዚህ እንጽፈዋለን። «ሳይንስ በጀመዓ ፕሮግራም ላይ ምን ይሠራል?» የሚል ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን የመሰለ ነገር ለአምስት ደቂቃ ጩኸት ብቻ መዋሉ ይቆጨናል።

አስቀድመን ግን እስካሁን ያልተናገርነውን እንናገር። ማይክሮዌቩ የዛሬ ሁለት ዓመት የተመረቁ እህቶቻችን አዋጥተው ገዝተው የተዉልን ነው፤ ለረመዳን ሱሑር ማሞቂያ ብለው። አማና ነው። ባለፈው ረመዳን አንድ ሌሊት፣ ከተራዊሕ በኋላ፣ ከዚህ መጽሔት አዘጋጆች ሦስታችን ለሻይ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ሰብስበን ወይን ገዛንና ቪዲዮውን ሞከርነው። የመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። ተቃቅፈን ጮኽን። ሁለተኛውም ሠራ። በሦስተኛው ኳሱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ እዚያው ቆየ፤ ሞገዱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚሸፍነው ካርቶን የሚመስል የማይካ ሉህ ተቃጥሎ ጠቆረ፤ ክፍሉ በሚያንቅ ሽታ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ማይክሮዌቩ ውሃ ስናሞቅበት እንኳ በራሱ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ያን ሌሊት ለሱሑር የተነሳ ሁሉ ቀዝቃዛ ሩዝ በላ። እኛ ደግሞ ለሁለት ቀን «በራሱ ጊዜ ተበላሸ» ስንል ሰነበትን። ማይካው ተቀይሮ ዕቃው ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ይቅርታው ግን ሳይጠየቅ ወራት አለፉ። ይኸው አሁን አውፍ በሉን።

እንግዲህ የምንቃወመው ያላየነውን ነገር አይደለም። አይተነዋል፤ ደስ ይላል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን «ያየነው ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስላልተወን ስንፈልግና ስናነብ ቆየን። ያገኘነው ከብልጭታው የበለጠ ነበር። ከዚያ የሹራው ፖስተር ወጣ። ፖስተሩ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንደኛው «የወይኑ ቅርፊት እንደ አንቴና ስለሚሠራ ፕላዝማ ይፈጠራል» ይላል። ሁለተኛው «በዚህ ዘዴ በህዳሴ ግድብ ኃይል ከአየር ማዳበሪያ ማምረት ይቻላል!» ይላል። አንደኛው ስሕተት ነው። ሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው። በጀመዓችን ስም ለአዲስ ተማሪ የምንሰጠው የመጀመሪያው ወረቀት ይህ እንዲሆን አንፈልግም።

ፕላዝማ ስንል ከመካከላችን ግማሹ የሚያስበው ሌላ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። የሕክምና ተማሪዎች ደም ይታያቸዋል። ታላላቅ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከፊታቸው ተሰቅሎ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራቸው የነበረውን ቴሌቪዥን ያስታውሳሉ፤ «ፕላዝማው ሄደ» ሲባል መብራት ጠፍቷል፣ እረፍት ነው ማለት ነበር። ስሙ ዝም ብሎ አልተሰጠውም። የእነዚያ ቴሌቪዥኖች መስታወት ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች ነበሩ፤ እያንዳንዷ ክፍል ኤሌክትሪክ ሲነካት ጋዟ ፕላዝማ ሆኖ ይበራል። ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተነጠሉበት ጋዝ ነው። መብረቅ ፕላዝማ ነው፤ በብየዳ ቤት ዓይናችንን የምንከልልበት ብርሃንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወይኑ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ማግኔትሮን የሚባል ዕቃ አለ። በሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ያመነጫል፤ የሞገዱ ርዝመት በአየር ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አየር በተፈጥሮው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በባሕር ጠለል ግፊት እንዲያሳልፍ ለማስገደድ በአንድ ሴንቲ ሜትር 30,000 ቮልት ያህል የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስክ ያስፈልጋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ በየቦታው ያለው መስክ ከዚህ እጅግ ያንሳል፤ ሩዛችንን ስናሞቅ መብረቅ የማናየው ለዚህ ነው።

ችግሩ የግፊቱ ነው። በተለመደው አየር ውስጥ አንድ ሞለኪውል ከሌላ ጋር ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት 70 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ነፃ ኤሌክትሮን ከዚህ ጥቂት ቢርቅም ዕጣው ያው ነው። መስኩ ይገፋዋል፤ ገና ፍጥነት መሰብሰብ ሲጀምር ይጋጫል፤ ያገኘውን ጉልበት ናይትሮጅኑንና ኦክስጅኑን በማንቀጥቀጥና በማሽከርከር ይጨርሳል። ከሞለኪውል ላይ ሌላ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚበቃ ጉልበት አይተርፈውም። ክፍላችን ጣሪያ ላይ ባለው ፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ አየሩ ተመጥቶ ወጥቶ በቦታው የቀረው ጥቂት ጋዝ ስለሆነ ኤሌክትሮኑ ረጅም ሜዳ አለው። ስለዚህ የፕላዝማ ላቦራቶሪ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የአየር መምጠጫ ፓምፕና ወፍራም የብረት ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ ውድ ነው። «መሣሪያ የለም» የሚለው ቃል የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በተራ አየር ውስጥ፣ ያለ ፓምፕ፣ ትንሽ ፕላዝማ ማስነሳት የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው፤ መስኩን በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ማጠራቀም። ቦታዋ ባነሰች ቁጥር የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ይህ የወይን ጨዋታ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጄፍሪ ሆፕዉድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ፣ ቀለበት በሚመስል አንድ ጎኑ በተከፈተ የብረት መስመር ላይ ማይክሮዌቭ እየላኩ በክፍተቱ መሐል ጥቃቅን ፕላዝማ አስነስተዋል፤ አርጎን በተባለው ጋዝ ውስጥ በከባቢ አየር ግፊት ለማቆየት ግማሽ ዋት በቅቷቸዋል። የስልካችን ቻርጀር ከዚያ አሥር እጥፍ ይስባል። በአየር ከአርጎን ይልቅ ይከብዳል፤ አርጎን ነጠላ አተም ስለሆነ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለውም፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ግን ጥንድ ናቸውና ጉልበት ይበላሉ።

ወይኑስ መስኩን እንዴት ያጠራቅማል? ለብዙ ዓመታት ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ሲተላለፍ የኖረው መልስ ፖስተራችን ላይ ያለው ነው። ሁለቱ ግማሾች የአንቴና ሁለት ክንዶች ናቸው፣ የሚያገናኛቸው እርጥብ ቅርፊት ሽቦ ነው፣ ሽቦው ሲቃጠል ብልጭታ ይወጣል። ያምራል፤ ለማስረዳትም ይመቻል። ካናዳ ውስጥ በትሬንት ዩኒቨርሲቲና በኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሦስት ሰዎች፣ ሐምዛ ኻታክ፣ ፓብሎ ቢያኑቺና አሮን ስሌፕኮቭ፣ ይህን መልስ ዝም ብለው አልተቀበሉም። ቅርፊቱ ግዴታ ከሆነ፣ ቅርፊት በሌለው ነገር ብልጭታው መምጣት የለበትም። ሞከሩ። ያልተቆረጡ ሁለት ሙሉ ወይኖች ተነካክተው ሲቀመጡ ብልጭታው መጣ። ወይን ትተው ውሃ የጠጡ የሃይድሮጄል ኳሶች አስቀመጡ፤ እነዚያ ለአበባ ማስቀመጫ የሚሸጡት ዓይነት ናቸው፣ ቅርፊት የሚባል ነገር የላቸውም። እነሱም ብልጭታ አስነሱ። የአንቴናው ታሪክ እዚያ ላይ አበቃ።

እውነተኛው ምክንያት ውሃው ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያጥራል፤ 12ቱ ሴንቲ ሜትር ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ የወይን ፍሬ መጠን ነው! ስለዚህ ሞገዱ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ራሱን ያጠናክራል። አንድ ወይን ብቻውን ከሆነ በጣም የሚሞቀው መሐሉ ነው፤ ቅርፊቱ አይደለም። ሁለት ወይኖች ተቀራርበው ሲነካኩ ግን ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ያስተጋባሉ፤ ያን ጊዜ የሁለቱም መሐል ይቀርና መስኩ የሚነካኩባት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ ይህን በሙቀት ካሜራ አይተውታል፣ በኮምፒውተርም አስልተውታል። ከነጥቧ ላይ ወይኑ የያዘው ሶዲየምና ፖታሲየም ይወጣል። ከናይትሮጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 15.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ከኦክስጅን 12.1፤ ከሶዲየም 5.1፤ ከፖታሲየም 4.3 ብቻ። ክብሪቱ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ከተጫሩ በኋላ ፕላዝማው ራሱ ሞገዱን እየጠጣ ያድጋል፣ አየሩን ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ስለሚሳሳ ለኤሌክትሮኑ ሜዳው ይሰፋለታል፤ ኳሱም ሽቅብ ይወጣል። የእኛን ማይካ ያጠቆረውም እንዲሁ ወጥቶ ነው።

ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ነው። ፊተኛው ደራሲ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበር። ስሙን አይታችሁ ፈገግ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም ብለናል። ትኩረት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ጥያቄው በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ካየው ቪዲዮ ላይ የተነሳ ነው፤ ዕቃው ማእድ ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም «እስቲ ቅርፊቱን አውጥተን እንየው» ብሎ በሥርዓት አልለካም። ስንቶቻችን ቪዲዮውን አይተን ለሌላ ልከናል? ስንቶቻችን ጠየቅን?

ይህን የምንጽፈው ከሁሉ በላይ ፊዚክስ ለደረሳቸው ወንድሞችና እህቶች ነው። «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል የምትሉበትን ድምፅ እናውቀዋለን፤ ሐዘን ቤት የገባ ሰው ነው የሚመስለው። ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ሞልተው ዲፓርትመንት ሲለጠፍ ፊዚክስ ላይ ስማቸውን አግኝተው በመስጂዱ ጥግ ሲያለቅሱ ያጽናናናቸው አሉ፤ ከእኛም አንዳችን ከእነሱ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድም እናውቃለን። ጂሲ ሲደረስ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመጣል፤ «መሣሪያ የለም» ይባላል፤ ከአምናው ባች ጽሑፍ ርዕሱ ተቀይሮ፣ መግቢያው ተገልብጦ፣ ሠላሳ ገጽ ተጠርዞ ይገባል። መሣሪያ አለመኖሩ እውነት ነው፤ አንክድም። ግን የወይኑ ጥያቄ የፈለገው ምን ነበር? ማይክሮዌቭ፣ የውሃ ኳስ፣ ሙቀት የሚያሳይ ነገር፣ ትዕግሥት።

ሙቀት የሚያሳየው ነገር የግድ ካሜራ መሆን የለበትም። የሱቅ ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ቀለም የለውም፣ ጽሑፉ ራሱ የሙቀት ጠባሳ ነው። ሁለት የውሃ ኳሶች በዚያ ወረቀት ላይ ተጠጋግተው፣ ሌላ ሁለት ደግሞ ተራርቀው፣ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ብቻ ቢሞቁ የሚጠቁረው የትኛው ቦታ ነው? መሐላቸው ወይስ መነካኪያቸው? ልብ በሉ፣ ይህ ሙከራ ብልጭታው ከመምጣቱ በፊት ይቆማል። እሳት የለም። ግን የእሳቱ ምስጢር ያለው እዚያች ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ነው። የኳሶቹ ርቀት በሚሊ ሜትር እየተለካ፣ መጠናቸው እየተቀየረ፣ ጨው ያለውና የሌለው ውሃ እየተወዳደረ ቢሠራ የአንድ ጂሲ ተማሪ ሙሉ ሥራ ይወጣዋል።

ሁለተኛ ጥያቄም አለን፤ ይህኛው ደግሞ ለእኛ አገር የተተወ ይመስለናል። የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር ይቀንሳል። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ግፊት የባሕር ጠለሉን ሰባት አሥረኛ ገደማ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ኤሌክትሮኑ ሜዳ ያገኛል፣ ፕላዝማውም ይቀለዋል። ታዲያ አንድ ዓይነት ማይክሮዌቭ፣ አንድ ዓይነት ኳሶች፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ በስንት ሴኮንድ ነው ብልጭታው የሚነሳው? ሌላው ዓለም ግፊት ለመቀነስ ፓምፕ ይገዛል። እኛ አውቶቡስ መሳፈር ይበቃናል። ይህኛው ግን እሳት ያለበት ስለሆነ በላብ ውስጥ፣ መምህርና ላብ አሲስታንት ባለበት ብቻ የሚሠራ ነው።

አደጋውን በአጭሩ እንናገር፤ ፕሮግራሙ ላይ በመቶ የሚቆጠር ፍሬሽ አይቶት ወደ ዶርሙ እንደሚመለስ አንዘንጋ። ማይክሮዌቭ በሩ ተዘግቶ ከተሠራ ሞገዱን ውስጥ ያስቀራል። የምንፈራው ከፍቶ «ማግኔትሮኑን አውጥቼ ልሞክር» የሚለውን ልጅ ነው። ትራንስፎርመሩ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 2,000 ገደማ ያደርሰዋል፤ ካፓሲተሩ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። በዚሁ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ለመሳል ሲሞክሩ አሜሪካ ውስጥ በርካታ ሰዎች ሞተዋል። ከሳጥኑ የወጣ ሞገድ ደግሞ የዓይን ሌንስን ያበስላል፤ ዓይን ሙቀቱን የሚያበርድበት ደም በሌንሱ ውስጥ የለውም። በአንዳንድ ማግኔትሮኖች ያለው ሴራሚክም ቢሰበር ብናኙ ሳንባን የሚመርዝ ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለበት። ያ ያነቀን ሽታስ? የተቃጠለ ማይካና ወይን ብቻ አልነበረም። ፕላዝማው የአየሩን ናይትሮጅንና ኦክስጅን አጋብቶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሠራል፤ ሲበዛ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ መርዝ ነው። መስኮት በሌለበት ክፍል ይህን አድርገን በሰላም ማደራችን የአላህ ጥበቃ ነው።

ይኸው ቡናማ ጋዝ ግን ወደ ፖስተሩ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ያደርሰናል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፤ ከናይትሪክ አሲድ ማዳበሪያ ይሠራል። ከአየር ማዳበሪያ የሚለው ሐሳብ ቀልድ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በኖርዌይ ክርስቲያን ቢርክላንድ የተባሉ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1903 የኤሌክትሪክ መድፍ ሠርተው በዩኒቨርሲቲያቸው አዳራሽ እንግዳ ጠርተው ሲያሳዩ መድፉ ተሰናክሎ ከባድ ብልጭታ ተነሳ፤ ታዳሚው ደነገጠ። ብዙም ሳይቆይ ሳም አይደ የተባሉ መሐንዲስ ከአየር ማዳበሪያ ለማውጣት ኃይለኛ ብልጭታ እንደሚፈልጉ ሰሙ፤ «እኔ ጋ አለ» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1905 ኖቶደን በምትባል ከተማ፣ በፏፏቴ ኃይል፣ አየርን በኤሌክትሪክ ቅስት እያቃጠለ ማዳበሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ። (የእኛ ተከራካሪዎች ይህን ታሪክ ሲያነቡ «አያችሁ፣ የከሸፈ ትርዒት ምን እንዳመጣ!» ማለታቸው አይቀርም። እሺ፣ አንድ ነጥብ ሰጥተናል።) ከዚያ ግን እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን ውስጥ የሃበር ቦሽ ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ተጀመረ፤ የሚበላው ኃይል በጣም ያንስ ስለነበር የኖርዌይ ቅስት ቀስ በቀስ ተሸነፈ።

ዛሬስ? በቤልጂየም የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሥራ፣ አየርን በከባቢ አየር ግፊት በማይክሮዌቭ ፕላዝማ ውስጥ አሳልፈው 3.8 በመቶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አግኝተዋል፤ ለአንድ ሞል የበሉት ኃይል 2 ሜጋ ጁል ነው። በመስኩ ከተመዘገቡት መልካም ውጤቶች አንዱ ነው። ሃበር ቦሽ ለአንድ ሞል ናይትሮጅን የሚበላው ግማሽ ሜጋ ጁል ያህል ነው። እስቲ ገበሬው በሚያውቀው መስፈሪያ እናስላው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ያን ያህል ናይትሮጅን በማይክሮዌቭ ፕላዝማ ለማሰር 1,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ገና ጋዙ ወደ ማዳበሪያ ሳይለወጥ። 3.5 ኪሎ ዋት የምትስብ የእንጀራ ምጣድ ከ500 ሰዓት በላይ ሳትጠፋ የምትወስደው ነው። በሃበር ቦሽ ግን ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች በሆነ ኃይል ይሆናል።

ስለዚህ «ይቻላል!» ብሎ በቃለ አጋኖ ለአዲስ ተማሪ መንገር ልክ አይደለም። ወላጁ የማዳበሪያ ዋጋ በየዓመቱ የሚያሳቅቀው የገበሬ ልጅ ከመካከላችን ስንት አለ? እሱ ፊት ይህን መጻፍ ያሳፍራል። «አይቻልም» ማለትም ልክ አይደለም። ዘዴው ከኤሌክትሪክና ከአየር በቀር የሚፈልገው የለም፤ ጋዝ አይፈልግም፣ ግዙፍ ፋብሪካ አይፈልግም፣ ኃይል ሲተርፍ ተከፍቶ ሲያጥር ይዘጋል። አራት እጥፉን ወደ ሁለት እጥፍ ማውረድ የቻለ ሰው ሂሳቡን ይቀይረዋል። ያ ሰው የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ ወይም የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው የሚሆነው። ፖስተሩ ላይ ቁጥሮቹ ይጻፉ፤ ከፈለጋችሁ ምጣዷንም ሳሉባት።

ለሹራው የምናቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። የወይኑ ትርዒት ከአቀባበሉ ፕሮግራም ይውጣ። የጀመዓው ማይክሮዌቭ ሩዝና ሾርባ ብቻ ያሙቅ። በምትኩ ሦስት የጂሲ ተማሪዎች ከፊዚክስ ዲፓርትመንት ጋር ተነጋግረው በላብ ውስጥ፣ ለሙከራ ብቻ በሚመደብ አሮጌ ማይክሮዌቭ፣ የወረቀቱን ሥራ ይጀምሩ። ሁለት የፊዚክስ መምህራንን አነጋግረናል፤ አንደኛው «ጻፉና አምጡ» ብለውናል፣ ሁለተኛው ሳቁ፣ ግን አልከለከሉም። የአቀባበሉ ቀን ለፍሬሾቹ የምናሳየው የጠቆሩ ወረቀቶችን ይሁን፤ «የትኛው ወረቀት ላይ ኳሶቹ ተነካክተዋል?» ብለን እንጠይቃቸው። ከብልጭታው ያነሰ ጭብጨባ እንደሚያገኝ እናውቃለን።

ሐሳባችሁ የተለየ ከሆነ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣዋለን ኢንሻአላህ። ሥራው ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ታገኙናላችሁ። ሱቅ ያለው ቤተሰብ ያላችሁ አንድ ጥቅልል የደረሰኝ ወረቀት ብታመጡልን ጀዛኩሙላህ ኸይረን። ወይን እኛ እንገዛለን፤ የሚበላ ነው።